የቆመ መኪና

ከአርሲ ነጌሌ ወደ ሻሸመኔ በሚኒባስ ስሄድ በመስኮት በኩል የሰው ግቢ ማየት እወዳለሁ። አጥሩ የባሕር ዛፍ አጠና ስለሆነ ውስጡን አይደብቅም። የበቆሎ ጎተራ፣ የታሰረ ጥጃ፣ ገመድ ላይ የተሰጣ ልብስ እያሳየ ያልፋል። ልብ ብሎ ላየ ሰው ደግሞ ከቤቱ ጀርባ፣ አቮካዶ ወይም ግራር ሥር፣ ሸራ የለበሰ ነገር አይጠፋም። ሸራው በተቀደደበት በኩል ክብ መብራት ብቅ ብሏል። ጎማዎቹ ተንፍሰው አፈር ውስጥ ገብተዋል፤ ኮፈኑ ላይ ዶሮ ሰፍሯል። አንዱ ግቢ ውስጥ ያለው ፔጆ 404 ነው፣ ሌላው ውስጥ ላንድሮቨር፤ ብዙውን ጊዜ ግን ቮልስ ነው።

እነዚህ መኪናዎች ተጋጭተው ወይም ተገልብጠው አይደለም እዚያ የቀሩት። በገዛ ሞተራቸው ገብተው፣ በወጉ ቆመው፣ በራቸው ተቆልፎ ነው። ባለቤቱ ታመመ ወይም አረፈ፤ ቁልፉ ቁም ሣጥን ውስጥ ገባ፤ ልጆቹ አንዱ አዳማ፣ አንዱ አዲስ አበባ፣ አንዱ ባሕር ማዶ ሆነ። «ለጊዜው ይቁም» ተባለ። ያ ለጊዜው የተባለ ነገር አሥር ዓመትም አሥራ አምስት ዓመትም ይሄዳል።

መንገድ መኪናን ያደክመዋል፤ የሚገድለው ግን መቆም ነው። በቆመ ሞተር ውስጥ ዘይቱ ከሲሊንደሩ ግድግዳ ላይ ተንጠፍጥፎ ይወርድና ፒስተኑ ከነቀለበቱ ከግድግዳው ጋር ይጣበቃል። ቤንዚኑ ተንኖ ካርቡራተሩ ውስጥ የሚያጣብቅ ዝቃጭ ይተዋል። የፍሬን ዘይት እርጥበት የመሳብ ጠባይ ስላለው የፍሬን ሲሊንደሮችን ከውስጥ ያዝጋቸዋል፤ የፍሬን ሸራውም ከታምቡሩ ጋር ተያይዞ ይቀራል። የበርና የመስኮት ላስቲክ ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል፣ ውኃ ያስገባል። አይጥ ወንበሩን ቀዶ ይወልድበታል። የሚነዳ መኪና ላይ ከእነዚህ አንዱም በቶሎ አይደርስም፤ ዘይቱ ይዞራል፣ ሙቀቱ እርጥበቱን ያባርራል፣ ባለቤቱም ጠዋት ጠዋት ድምፁን እየሰማ የጎደለውን ያውቃል።

የእኛዋ ቮልስ ኩየራ ከተማ፣ ከቤታችን ጀርባ ነበር የቆመችው። አባታችን አስተማሪ ነበር። እ.ኤ.አ. የ1968 ስሪት ናት፣ 1300 ሞተር፣ 12 ቮልት። ከሌላ አስተማሪ ላይ ገዝቷት እኛን ሁላችንን በእሷ አሳደገን። እሱ ካረፈ በኋላ ማን እንደሚወስዳት ተነጋግረን አልጨረስንም። ጠብ አልነበረም፤ ዝምታ ነበር። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ልጆች እኩል ይወርሳሉ። በትዳር ከተገኘው ንብረት ግማሹ የእናታችን ነው፤ ቀሪው ግማሽ ለአራት ልጆች ሲካፈል ለእያንዳንዳችን የቮልሷ አንድ ስምንተኛ ይደርሰናል። በሬ ቢሆን ተሽጦ ገንዘቡ ይከፈላል። መኪና ግን ሊብሬው በሟች ስም እስካለ ድረስ ለመሸጥም ስም ለማዛወርም የፍርድ ቤት የወራሽነት ማስረጃ ይጠይቃል፤ የሁሉም ፊርማ ይፈለጋል፤ ባሕር ማዶ ያለው ውክልና መላክ አለበት። በየግቢው ካየኋቸው መኪናዎች ውስጥ ስንቱ በሞተር ብልሽት፣ ስንቱ በፊርማ እጦት እንደቆመ ቢቆጠር ሁለተኛው ይበዛል ብዬ አምናለሁ።

የነቀነቀችን እናታችን ናት። ለዓመታት በርበሬ የምታሰጣው ቮልሷ ጣሪያ ላይ ነበር፤ ቆርቆሮው ስለሚግል ቶሎ ይደርቅላታል። አንድ እንቁጣጣሽ ሁላችንም ተሰብስበን ቡና እየተፈላ ሳለ «ወይ አንሷት፣ ወይ ቅበሯት። በአባታችሁ መኪና ላይ ዶሮ ኩሱን ሲጥል ማየት መረረኝ» አለች። ሚኒሶታ ያለችው ታናሽ እህታችን በስልክ ትሰማ ነበር። «እማዬ፣ ውክልናውን እልካለሁ፤ ግን እንዳትሸጧት» አለች። የዚያን ዕለት ተስማማን፦ ቮልሷ አትሸጥም፤ ስምንተኛውን ድርሻ ሁሉም በሥራ ይክፈል።

ሰው ሲሰማ «ለምን ቮልስ?» ይላል። ለእኔ መልሱ ረጅም ነው። ቮልስ በዚህ አገር የአስተማሪ፣ የነርስ፣ የቢሮ ጸሐፊ መኪና ነበረች፤ የታሪክም መኪና ናት። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከዙፋን ወርደው ከቤተ መንግሥት ሲወጡ የተወሰዱት በቮልስ ነው። ሮልስ ሮይሶቻቸው በቤተ መንግሥት ጋራዥ ጥላ ሥር ቆዩ፤ የተራው ሰው መኪና ግን ፀሐይና ዝናብ ሲፈራረቅባት ኖረች። ፈርዲናንድ ፖርሽ የነደፋት ይህች መኪና እ.ኤ.አ. በየካቲት 1972 የፎርድን ሞዴል ቲ በብዛት በለጠች። የመጨረሻዋ ሐምሌ 30 ቀን 2003 እ.ኤ.አ. ሜክሲኮ ውስጥ ፑዌብላ ከሚገኘው ፋብሪካ ስትወጣ ድምሩ ከ21 ሚሊዮን 500 ሺሕ አልፎ ነበር። እዚህ የወደዷት ግን በቁጥሯ አይደለም። ሞተሯን የሚያቀዘቅዘው አየር ነው፤ ራዲያተር የለም፣ ውኃ የለም። ከመቂ እስከ ዝዋይ ባለው ሜዳ በበጋ ቀትር ሌላው መኪና ኮፈኑን ከፍቶ በጀሪካን ውኃ ሲጠብቅ ቮልስ ታልፋለች። ሞተሯ ከካምቢዮው ጋር የተያያዘው በአራት ቦታ ነው። አራቱን ፈትቶ፣ የጋዝ ሽቦውን፣ የቤንዚን ጎማውንና ገመዶቹን ነቅሎ፣ በክሪክ ዝቅ ያደረገ ሰው ወደ መቶ ኪሎ የሚመዝነውን ሞተር ከኋላ ጎትቶ ያወጣዋል። ፓራፋንጎዋ በቡሎን ነው የታሰረው። ይህች መኪና ቤት ውስጥ እንድትፈታ ሆና የተሠራች ናት።

አሁን ደግሞ ሌላ ምክንያት ተጨምሯል። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከወሰነ ወዲህ፣ ያለው አሮጌ መኪና በሌላ የሚተካ አይደለም። የኤሌክትሪኩ መንገድ ለአየሩም ለአገሪቱ የውጭ ምንዛሬም መልካም ነው፤ አልቃወመውም። ግን በየግቢው የቆመው ብረት ከእንግዲህ ቢጠፋ ሌላ አይመጣም።

አጎታችን፣ የእናታችን ወንድም፣ በደርግ ጊዜ በመንግሥት እርሻ ትራክተር ሲጠግን የኖረ ሰው ነው። ጋሼ እንለዋለን። ገና ሥራው ሲጀመር ያዘዘው አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ «ቁልፉን ማንም እንዳይነካ!» የቆመን ሞተር በችኮላ ማዞር ቀለበት ይሰብራል፣ ሲሊንደር ይቧጭራል። አራቱን ካንዴላ አወጣ፤ ላምባና የሞተር ዘይት ቀላቅሎ በየቀዳዳው ጥቂት ጥቂት ጨመረና ተወው። ከቀናት በኋላ የዲናሞውን ፑሌጃ በሁለት እጁ ይዞ ወዲያና ወዲህ አወዛወዘው። መጀመሪያ ምንም አልነበረም። ቆይቶ እንደ ጥፍር ስፋት ሄደ። ያቺን የጥፍር ስፋት ሳያስቸኩል አንድ ሳምንት ሙሉ እየጨመረላት ሞተሩ ሙሉ ዙር ዞረ። የእህቴ ልጅ ተንጠልጥሎ ሲያይ «ጋሼ፣ ለምን በመዶሻ አትመታውም?» ብሎ ጠየቀው። «ማሙሽ፣ ብረት ሲያዝ ያስቸግራል እንጂ ሲለምኑት ይሰማል» አለው።

ከሁሉ የከበደን የኋላ ቸርኬ ዳዶ ነበር። የቮልስ የኋላ ታምቡር መሐል ያለችው ዳዶ 36 ቁጥር ናት፤ ስትታሰርም በከባድ ኃይል ነው፣ ታምቡሩን ከአክሱ ጋር የምትይዘው እሷ ስለሆነች። ወንድሜ የአይሱዙ ሹፌር ነው፤ ከሻሸመኔ ቁልፉን ተውሶ መጣ፤ ዘንጉ ላይ ረጅም የውኃ ቧንቧ ሰካንበት። ወንድሜ ተንጠለጠለበት፤ ዳዶዋ አልሰማችም። እኔ ተጨመርኩ። ኦቦ የምንለው ጎረቤታችን አጥሩን ዞሮ መጣና እሱም ጫማውን አውልቆ ቧንቧው ላይ ወጣ። ጋሼ ጎንበስ ብሎ ጆሮውን ወደ ታምቡሩ አስጠግቶ «ትንሽ... ትንሽ ቀርቷታል» ይላል። እናታችን ነጠላዋን አጣፍታ ከማጀት ወጣች፤ ቧንቧው ጫፍ ላይ እጇን ጣለች። ጧ! አለ። ሦስታችንም መሬት ላይ ተቀመጥን። የእናታችን እጅ ብቻ ቧንቧው ላይ ቀረ። እስከ ዛሬ ዳዶዋን የፈታሁት እኔ ነኝ ትላለች፤ የሚከራከራት የለም።

አሁን ዝገቱን ስለፈታልን ሞላሰስ ላውራ።

የዛጉ ትናንሽ ነገሮች አሉ፤ የበር ማጠፊያ፣ የፓራውልት መያዣ፣ የፍሬን ሸራ ተሸካሚ፣ ቡሎንና ዳዶ በባልዲ። እነዚህን አንድ በአንድ በሽቦ ብሩሽ መፈግፈግ ዕድሜ ይጨርሳል፤ ብሩሹም ጉድጓድ ውስጥ ያለውን ዝገት አይደርስበትም። ከሸንኮራ አገዳ ስኳር ከወጣ በኋላ የሚቀረው ጥቁር ፈሳሽ ሞላሰስ ግን በውኃ ተበጥብጦ ዝገቱን ከብረቱ ላይ ቀስ ብሎ ይፈታዋል፤ ውስጡ ያሉት ንጥረ ነገሮች የዛገውን ብረት ይይዙና ወደ ፈሳሹ ይስቡታል፤ ጤነኛውን ብረት ብዙም አይነኩትም። ልኩ አንድ እጅ ሞላሰስ ለዘጠኝ እጅ ውኃ ነው። የሚጠይቀው ጊዜ ነው፤ ሳምንታት ይፈልጋል። የኛ ስምጥ ሸለቆ ደግሞ የሞላሰስ አገር ነው። የአገሪቱ የመጀመሪያው ዘመናዊ ስኳር ፋብሪካ ወንጂ ላይ፣ ከአዳማ አጠገብ፣ ኤች ቪ ኤ በተባለው የሆላንድ ኩባንያ ተሠርቶ በ1946 ዓ.ም. ማምረት ጀመረ። ሞላሰሱ ለከብት መኖ ይሸጣል። ወንድሜ ከአዳማ ሲመለስ በጀሪካን ይዞ መጣ።

ሰማያዊውን በርሜል ከጓሮ አቆምን፤ ብረቱን በሽቦ አንጠልጥለን ነከርን። ከጥቂት ቀናት በኋላ በርሜሉ አረፋ አወጣ፤ ሽታው ግቢውን ሞላው፤ ዝንብና ተርብ ከበበው። እኔና ወንድሜ የተበላሸ መስሎን ልንደፋው ነበር። እናታችን ክዳኑን ገልጣ አሸተተችና «ተዉት። እየፈላ ነው» አለች። ጠላ ስትጠምቅ የኖረች ሴት ናት፤ የሚፈላ ነገር የሚወደውን ታውቃለች። በርሜሉን ከጥላው አስነስታ ፀሐይ ወደሚያገኝበት አዛወረችው፤ በብርድ ቀን ኬሻ አለበሰችው፤ ተርቡ እንዳይገባ አፉን በነጠላ ጨርቅ አሰረች። ኩየራ ከፍ ያለ ስለሆነ ማታው ቀዝቃዛ ነው፤ ቀዝቃዛ ሞላሰስ ደግሞ ሥራው ይዘገያል። ጋሼ ይህን ሲያይ ዝም ብሎ ቆየና ከዚያ በኋላ በርሜሉን በሚመለከት ሁሉ «እትዬን ጠይቁ» ማለት ጀመረ። እሱ የጨመረው አንድ ማስጠንቀቂያ ነበር፦ አልሙኒየም ነገር አይግባ። ሞላሰስ ካርቡራተርን ይበላል፤ የቮልስ የሞተር ቤት የሚሠራበትን የማግኒዝየም ቅይጥማ አይምርም።

የመጀመሪያው ማጠፊያ ሲወጣ የእህቴ ልጅ በውኃ አጠበው። ጥቁር አተላ ከላዩ ወረደና ሥሩ አመድማ፣ ንጹሕ ብረት ሆነ። ጎኑ ላይ የፋብሪካው ቁጥር ተነበበ። ልጁ ቁጥሩን በጣቱ ደጋግሞ ዳሰሰው። በዚያው ቅጽበት ዘይት ካልተቀባ በሰዓት ውስጥ ተመልሶ ቢጫ ዝገት ያወጣል፤ ይህንንም ለመማር አንድ ማጠፊያ ገበርን።

የበርሜሉ ሥራ የማይደርስበት ትልቁ ዝገት ወለሉ ነው። ቮልስ ባትሪዋን የምትይዘው ከኋላ ወንበር ሥር፣ በቀኝ በኩል ነው። ባትሪ ሲያረጅ አሲድ ያንጠባጥባል፤ አሲዱ ቀለሙን ይበላል፤ ከዚያ ወዲያ ያለው የጊዜ ጉዳይ ነው። የኋላ ወንበሩን ስናነሳ ወለሉ እንደ እንጀራ ዓይን ተበሳስቶ ሣር በቀዳዳው ብቅ ብሏል። የበሩ ታችም ያው ነው። በር ሥር ውኃ እንዲወጣ የተተዉ ትናንሽ ቀዳዳዎች አሉ፤ የስምጥ ሸለቆ አፈር የእሳተ ገሞራ አመድ ያለበት ደቃቅ ስለሆነ እነዚያን ቀዳዳዎች ይደፍናቸዋል፤ የክረምቱ ውኃ መውጫ ያጣና በሩ ውስጥ ይከርማል። ብረት ሲዝግ መጠኑ ይጨምራል፤ በሁለት ላሜራ መካከል የገባ ዝገት እንደ ልቡ እየሰፋ ሁለቱን ይገፋፋቸዋል፤ ቀለሙ ያብጣል። ያበጠ ቀለም ያየ ሰው ከውጭ ሳይሆን ከውስጥ እንደጀመረው ይወቅ።

እዚያው ወንበር ሥር፣ መሐል ላይ ባለው ጉብታ፣ የሻንሲው ቁጥር ተቀርጿል። አዳማ የሂሳብ ሠራተኛ የሆነችው ታላቅ እህታችን የወረቀቱን ሥራ ይዛ ስለነበር ከሊብሬው ጋር ልታመሳክር መጣች። ጎንበስ ብላ በላምባ በተነከረ ጨርቅ ጠርጋ፣ የስልኳን መብራት ጎን ለጎን አድርጋ ቁጥሩን አንድ በአንድ ጮክ ብላ አነበበች፤ ወንድሜ ከሊብሬው ላይ እያየ «ልክ» ይላል። አሲዱ ከቁጥሩ አጠገብ ደርሶ ነበር። ሌላ ሁለት ሦስት ክረምት ቢያልፍ ቁጥሩ ይጠፋ ነበር፤ ቁጥሩ ቢጠፋ ደግሞ የወራሽነት ማስረጃ ብናወጣም የየትኛው መኪና እንደሆነ ማስረዳት ሌላ መከራ ነው። እህቴ ያን ቀን ከአጎቴ ጋር ሆና ቁጥሩ ያለበትን ቦታ በኖራ ከበበችውና «ከዚህ መስመር ወዲህ መቁረጫ አይግባ» አለች።

ለወለሉ በያጅ ከሻሸመኔ መጣ። ወጣት ነው፣ ትዕግሥተኛ ነው። መጀመሪያ ያደረገው ከፊት ያለውን የቤንዚን ታንክ ማስወጣት ነው። ቀጥሎ የበሩን ክፍት ቦታ ከጎን ወደ ጎን በአንግል ብረት በየደው። ለምን እንደሆነ ስንጠይቀው፣ የጎኑን ሣጥን ያለ ድጋፍ የቆረጠ ሰው ጣሪያው ጎበጥ ይልና ከዚያ በኋላ በሩ አይገጥምም አለ። የተበላውን ቆረጠ፤ ጤነኛው ብረት እስኪደርስ ድረስ ቆረጠ፤ ልብ ያስፈራል። አንድ ባቱላሜራ ደግሞ አዲሱን ላሜራ ባሕር ዛፍ ግንድ ላይ በጠረበው ቦይ ውስጥ እየቀጠቀጠ የወለሉን ሽንተረር አወጣ፤ ያ ሽንተረር ከሌለ ወለሉ ይንቀጠቀጣል። ብየዳው በአንድ ትንፋሽ አይሄድም። ቀጭን ላሜራ በሙቀት ይጣመማል፤ እዚህ አንድ ነጥብ፣ እዚያ አንድ ነጥብ፣ መሐሉን በእርጥብ ጨርቅ እያበረዱ ነው።

ስለ ድምፁ መናገር አለብኝ። ኩየራ የኢትዮጵያ አድቬንቲስት ኮሌጅ ያለባት ከተማ ናት፤ ዓርብ ፀሐይ ከገባችበት እስከ ቅዳሜ ፀሐይ መግቢያ በብዙ ቤት ሰንበት ነው። በስተግራችን ያሉት ሙስሊሞች ናቸው፤ ዓርብ ቀትር ላይ መስጊድ ይሄዳሉ። በስተቀኝ ያሉት እሑድ ጠዋት ቅዳሴ ናቸው። ማንም ቅሬታ አላነሳም፤ ግን እናታችን ከመጀመሪያው ሥርዓት አወጣች፦ መዶሻ ከሰኞ እስከ ሐሙስ፣ እሑድ ደግሞ ከሰዓት በኋላ። በቀረው ጊዜ ድምፅ የሌለው ሥራ ይሠራል። በብርጭቆ ወረቀት መፈተግ፣ ገመድ መለየት፣ ቡሎን በዘይት ማሸት፣ ወንበር መስፋት። ሥራው በዚህ ምክንያት ረዘመ። ነገር ግን በዚህ ምክንያት ነው ጥሩ የሆነው፤ ብየዳው እየበረደ፣ አንቲረስቱ እየደረቀ፣ እኛም እያሰብን ነበር። ጎረቤቶቹም ያወቁልን ይመስለኛል፤ የመዶሻው ቀን ሲደርስ ልጆቻቸውን ሊያዩ ይልኩ ነበር።

እዚህ ላይ ስለ ስቱኮ ያለኝን ሳልናገር አላልፍም። ስቱኮ ለስንጥቅና ለጎድጓዳ ጠባሳ መልካም ነገር ነው። በዝገት ላይ የተለቀለቀ ስቱኮ ግን ማታለል ነው። ብዙ አሮጌ መኪና ለገበያ ሲቀርብ የሚያብረቀርቀው ከሥሩ ያልተቆረጠ ዝገት ላይ በጋዜጣና በስቱኮ ተሞልቶ፣ ቀለም ተነፍቶበት ነው። ገዢው አንድ ክረምት ያሳልፋል፤ ከዚያ ያብጣል። ማግኔት ይዞ መሄድ ነው መድኃኒቱ፤ ስቱኮ ላይ ማግኔት አይይዝም። እኛ ከታች የተበየደውን ቁራሽ ሁሉ በአንቲረስት ቀብተን እንዳለ ተውነው። መኪናዋ ሥር የተኛ ሰው የት እንደተቆረጠች፣ የት እንደተቀጠለች ያያል። የሚቀጥለው ጠጋኝ ይህን ማየት አለበት።

በላይኛው አካሏ ግን በቀለም ጉዳይ ተከራከርን። ታላቅ እህቴ ነጭ ነበረች ትላለች፣ ወንድሜ ሰማያዊ፤ እኔ በልጅነቴ የማስታውሳት ግራጫ ናት። በሩን በብርጭቆ ወረቀት ስንፈትግ ሦስታችንም ትክክል ሆንን፤ ግራጫው ከላይ፣ ሰማያዊው ከሥሩ፣ ነጩ ከሰማያዊው ሥር ተደርበዋል። እያንዳንዳችን ያደግንበት ዘመን አንድ አንድ ቀለም ነው። ከነጩ ሥር ደግሞ ማንኛችንም የማናውቀው አረንጓዴ ወጣ። ከፊት ኮፈን ሥር፣ ከተጠባባቂ ጎማው ጀርባ፣ የሚረጭ ሰው እጅ ያልደረሰበት ቦታ ላይ ያው አረንጓዴ ሳይነካ ተገኘ። እናታችን መጥታ አየችና «የሰርጋችን ሰሞን እንዲህ ነበረች» አለች። ክርክሩ እዚያ ላይ ቆመ።

ከሚኒሶታ የመጣው ሻንጣ የበርና የመስኮት ላስቲክ፣ የካርቡራተር ጓርኒሲዮን፣ የፍሬን ሲሊንደሮች ነበር። ቮልስ በዓለም ላይ የሚወዳት ስለበዛ ላስቲኳ እስከ ዛሬ ይመረታል። የቀረውን ወንድሜ መርካቶ ሶማሌ ተራ ፈልጎ አገኘ። ወንበሩን እናታችን ራሷ ሰፋችው። ከሥር ያለው የኮኮናት ጭረትና የእንስሳ ጸጉር ተበጥሮ፣ አይጥ ያቆሸሸው ወጥቶ፣ ጤነኛው ፀሐይ ላይ ተሰጥቶ ተመለሰ፤ ስፖንጅ እንጨምር ስንላት እንቢ አለች፣ ጭረት አየር ያሳልፋል ብላ። ልክ ናት።

ሞተሩ ላይ የልጁ እጅ ሠራ። የኋላው ቦታ ጠባብ ነው፤ የጋሼ ጣት ወፍሯል፣ ዓይኑም ደክሟል። ቫልቮላውን ሞተሩ በቀዘቀዘበት በ0.10 ሚሊ ሜትር፣ ፑንቲናውን በ0.4 ሚሊ ሜትር ያስተካከለው የእህቴ ልጅ ነው። ጋሼ አጠገቡ በርጩማ ላይ ተቀምጦ «ስፌሶሩ ሲሳብ ምን ይሰማሃል?» ይለዋል። «ይይዛል፣ ግን ይሄዳል።» «እሱ ነው። ጥብቅ ካልክ ቫልቮላው ይቃጠላል፣ ካላላህ ይንጫጫል።» የካንዴላ ገመዶቹን ተራ ሊያስጠናው ሲል ልጁ የሞተር ክዳኑን ውስጠኛ ገጽ በጨርቅ ጠርጎ አሳየው። በምስማር ተጭሮ 1-4-3-2 ተጽፏል። የአባታችን እጅ ጽሑፍ ነው፤ የእሱ አራት ቁጥር አናቷ ክፍት ነበረች።

የተነሳች ዕለት ቁልፉን ያዞረችው እናታችን ናት። ጋሼ ኋላ ቆሞ ስፒንተሮጄኖውን በእጁ ይዞ በጥቂቱ እያዞረ ተኩሱን ይፈልጋል። ተንፈቅፍቃ ጠፋች፤ ደግሞ ተንፈቅፍቃ ያዘች። ነጭ ጭስ ግቢውን ሞላው፤ ሲሊንደር ውስጥ የጨመርነው ዘይት ነው። ጭሱ ሲጠራ ያ የቮልስ ድምፅ ቀረ። ጋሼ ለእህቴ ልጅ መጀመሪያ ያስተማረው መንዳት አይደለም፤ በፍጥነት መለኪያው ውስጥ ያለችውን ቀይ መብራት ነው። «ይህች ከበራች ወዲያው ቁም፤ ቺንጋው ተበጥሶ ሊሆን ይችላል። ዲናሞውንም ማራገቢያውንም የሚያዞረው አንድ ቺንጋ ነው። ማራገቢያው ከቆመ ሞተሩ ይነድዳል።» መለዋወጫ ቺንጋ ዛሬም ከወንበሩ ሥር አለ።

የቴክኒክ ምርመራውን አልፋ ቦሎ ለጥፋለች። ሊብሬው ወደ እናታችን ስም ዞሯል፤ እኛ አራታችንም ፈርመናል። መጀመሪያ የነዳቻት አዳማ ያለችው እህቴ ናት፤ ወደ ሻሸመኔ ሄዳ ተመለሰች፤ በሩን ለመዝጋት መስኮቱን ትንሽ ከፈት ማድረግ እንዳለበት ለልጇ ስታስረዳው ሰማሁ፤ ቮልስ አዲስ ላስቲክ ስታገኝ አየር አታስወጣም።

የሞላሰሱ በርሜል ከእኛ ዘንድ ወጥቷል። ኦቦ ወሰደው፤ ጓሮው ውስጥ የአባቱ ፊያት አለች። ባትሪዋን የዚያኑ ዕለት አውጥቶ ወለሉን በሶዳ አጥቧል። ከወንድሞቹ ሁለቱ ተስማምተዋል፤ ሦስተኛው ሐዋሳ ነው ያለው፣ እሑድ ከሰዓት በኋላ ሊያናግሩት ነው። የእህቴ ልጅ 36 ቁጥሩን ቁልፍና ቧንቧውን ይዞ አብሮ እሄዳለሁ ብሏል።